«ፎልስ ቸርች 10 ከ10 ነው» ይሉናል፤ ቤት እንቀይር?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው። ልጃችን አምስተኛ ክፍል ነው፤ አሁንም ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ) ክፍል ይገባል። ታናሿ በሚቀጥለው ዓመት ኪንደርጋርተን ትጀምራለች። ባለቤቴ ፎልስ ቸርች የሚል አድራሻ ያለው አፓርታማ አግኝቷል። ኪራዩ አሁን ከምንከፍለው በወር 700 ዶላር ይበልጣል። እሱ ማታ ማታ ታክሲ እየሠራሁ እሸፍነዋለሁ ይላል። ሰው ሁሉ ‹ትንሽ ዲስትሪክት ነው፣ ነጮቹ የሚማሩበት ነው፣ 10 ከ10 ነው› ይለናል። እኔ ኢንተርኔት ላይ ገብቼ ሳይ የጥቁር ተማሪዎች ውጤት ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ቁጥር የለም። ደብቀውት ነው? እንሂድ ወይስ እንቆይ?»

ምላሽ፦ ስለ ውጤቱ ከማውራታችን በፊት አድራሻውን እናጣራ። «ፎልስ ቸርች» የሚል የፖስታ አድራሻ ካላቸው ቤቶች አብዛኞቹ ፎልስ ቸርች ከተማ ውስጥ አይደሉም። ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ ስካይላይን፣ ሰቨን ኮርነርስ፣ የኛ ሰው እንጀራና በርበሬ የሚገዛባቸው ሰፈሮች ሁሉ ፖስታቸው ፎልስ ቸርች ይላል፤ ትምህርት ቤታቸው ግን የካውንቲው ነው። ፎልስ ቸርች ሃይስኩል የሚባለው ራሱ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤት ነው። የከተማዋ ሃይስኩል ሜሪዲያን ይባላል፤ እስከ 2021 ድረስ ጆርጅ ሜሰን ይባል ነበር። ዚፕ ኮዱ 22041፣ 22042፣ 22043 ወይም 22044 ከሆነ ከተማዋ ውስጥ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። 22046 ከሆነ ተስፋ አለ፤ እሱም ቢሆን ከከተማዋ ድንበር ውጭ የሚወጣ ክፍል አለው። ፖስታ ቤት ደብዳቤ ያድላል እንጂ ተማሪ አይመድብም። ስለዚህ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም ይዘው የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ክፍል ይደውሉ፤ «ይህ ቤት የናንተ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አከራዩ የሚነግርዎትን አይመኑ። የቤት ማስታወቂያው ላይ የተለጠፈውንም አይመኑ።

ይህን አስቀድሜ ያነሳሁት ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ከሚመጡ ቤተሰቦች መካከል ውል ከፈረሙ በኋላ የሚነቁ ስላሉ ነው። 10 ከ10 ብለው የገቡበት ቤት ጭራሽ ሌላ ዲስትሪክት፣ ማለትም ሌላ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ሆኖ ያገኙታል። የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን 180,000 ገደማ ተማሪ ያለው ካውንቲና ሁለት ሺህ ተኩል ገደማ ተማሪ ያላት ከተማ አንድ አይደሉም። እርስዎ ስለ አንዱ የሰሙትን ወሬ ይዘው ሌላው ውስጥ ሊገቡ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። «የአክስቴን ልጅ አድራሻ ሰጥቼ አስመዘግባለሁ» የሚለው ዘዴ በኛ ሰው ዘንድ እንደ ብልጠት ይታያል። በቨርጂኒያ ሕግ ግን ስለ መኖሪያ አድራሻ እያወቁ ሐሰት መናገር ወንጀል ነው። ቅጣቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የሚያመው ልጁ ያለአግባብ ለተማረበት ጊዜ ክፍያ መጠየቁ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሂደት ላይ ላለ ቤተሰብ ደግሞ ምንም ዓይነት ክስ ቀላል አይደለም። አይሞክሩት።

አሁን ወደ ዲስትሪክቱ። ፎልስ ቸርች ሁለት ካሬ ማይል ትንሽ የምታልፍ ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ 14,658 ሰው ነበራት። ከፌርፋክስ ተገንጥላ ራሷን የቻለች ከተማ የሆነችው በ1948 ነው፤ ዋናው ምክንያትም የራሷን ትምህርት ቤቶች ራሷ ለማስተዳደር መፈለጓ ነበር። ድንበሯ ደግሞ ከዚያም የቆየ ታሪክ አለው። በ1887 የከተማው አስተዳደር ጥቁሮች የሚበዙበትን ሰፊ ክፍል ቆርጦ ለካውንቲው መልሷል። ዛሬ የሕዝቡን ስብጥር ስናይ «እንዲሁ ሆኖ ነው» ማለት አይቻልም። መስመሩን ያሰመረ ሰው ነበረ። የሚገርመው፣ የከተማዋ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዛሬ በሜሪ ኤለን ሄንደርሰን ስም ይጠራል። ጥቁር መምህርት ነበረች። በ1930ዎቹ ካውንቲው ለነጭና ለጥቁር ተማሪዎች የሚያወጣውን ገንዘብ በቁጥር አነጻጽራ ልዩነቱን አደባባይ ያወጣች ሴት ናት። የትምህርት ቁጥሮችን ጠርጥረው ሲያነቡ የእሷን መንገድ እየተከተሉ ነው።

የከተማዋ ነዋሪ በአብዛኛው ባለ ዲግሪ ነው፤ ብዙው ከዚያም በላይ ተምሯል። የቤተሰብ ገቢው አገሪቱ ውስጥ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ ነጮች ናቸው። ጥቁር ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። በምሳ ድጎማ ወይም በሌላ መለኪያ ዝቅተኛ ገቢ አላቸው የሚባሉትም ጥቂት ናቸው። ይህ ስብጥር ብቻውን፣ መምህራኑ ማንም ይሁኑ ማን፣ አማካይ ውጤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በ1966 ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ይዞ የተሠራው የኮልማን ጥናት ይህን ካሳየ ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው መረጃም በዚህ ነጥብ አላፈረሰውም። ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም። ከቤት የሰማውን ቃል፣ የተነበበለትን መጽሐፍ፣ የወላጁን የሥራ ሰዓት ሁሉ ተሸክሞ ነው።

ስለዚህ «ነጮቹ የሚማሩበት ስለሆነ ጎበዝ ያደርጋል» የሚለው ምክንያትና ውጤትን ያገላብጣል። 10 ከ10 የሚሉት ነጥቦች፣ ቤት በሚሸጥባቸው ድረ ገጾች ላይ ከዋጋው አጠገብ የሚለጠፉት፣ አብዛኛውን ክብደታቸውን የሚያገኙት ከፈተና ውጤት ነው። የፈተና ውጤት ደግሞ በአብዛኛው የሚነግርዎት ማን እንደገባ ነው። ገብቶ ምን ያህል እንደተማረ የሚነግርዎት በጥቂቱ ነው።

በምሳሌ ላሳይዎት። ቁጥሮቹ የፈጠርኳቸው ናቸው። አንድ ዲስትሪክት 1,000 ተማሪ አለው እንበል። 900ው ከተደላደለ ቤት የመጡ ናቸው፤ 90 በመቶው ያልፋሉ። 100ው ከተቸገረ ቤት ናቸው፤ 50 በመቶው ያልፋሉ። ሲደመር 860 ልጅ አለፈ፣ 86 በመቶ። ሌላው ዲስትሪክትም 1,000 ተማሪ አለው። የተደላደሉት 400 ናቸው፤ 92 በመቶው ያልፋሉ። የተቸገሩት 600 ናቸው፤ 58 በመቶው ያልፋሉ። ሲደመር 716፣ ማለትም 72 በመቶ አይሞላም። ወሬው የመጀመሪያው ይበልጣል ይላል። ግን ሀብታም ልጅ ቢኖርዎት ሁለተኛው ይሻለው ነበር። ችግረኛ ልጅ ቢኖርዎትም ሁለተኛው ይሻለዋል። የመጀመሪያው የበለጠው በተማሪ ስብጥር ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች በትክክል እንዲህ ናቸው እያልኩ አይደለም። አማካዩን ብቻ አይቶ መወሰን ለምን እንደማይቻል እያሳየሁ ነው።

የተሻለው ጥያቄ «ልጁ በአንድ ዓመት ምን ያህል ተራመደ?» የሚለው ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሾን ሪርደን እና ባልደረቦቹ የአገሪቱን ዲስትሪክቶች የፈተና ውጤት ሰብስበው አይተውታል። አማካይ ውጤት ከቤተሰብ ሀብት ጋር በጣም የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። ዕድገቱ ግን፣ ማለትም ከሦስተኛ ወደ ስምንተኛ ክፍል ያለው ጉዞ፣ ከሀብት ጋር ያለው ግንኙነት በጣም የላላ ነው። ብዙ ሰው የሚሸሻት ቺካጎ በዚያ መረጃ ላይ ተማሪዎቿ በአምስት የትምህርት ዓመት የስድስት ዓመት ያህል ዕድገት አሳይተዋል። ሀብታም ሆነው በዕድገት መሃል ላይ የሚቀመጡ ዲስትሪክቶችም ሞልተዋል። ይህ መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ሁለቱንም ዲስትሪክት አስገብተው ማየት ይችላሉ። ሲያዩ ግን የስህተት ወሰኑን አይዝለሉት፤ በትንሽ ዲስትሪክት ይሰፋል።

ትንሽነቱ ራሱ ችግር የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 12 ልጆች ያሉበት ቡድን እንውሰድ። እያንዳንዱ ልጅ ከስምንት ነጥብ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። ሁለት ጎበዝ ልጆች የፈተናው ቀን አሟቸው ቢወድቁ ውጤቱ በ17 ነጥብ ይወዛወዛል። ጋዜጣው «አሽቆለቆለ» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት «አንሰራራ» ይላል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም። ቶማስ ኬን እና ዳግላስ ስታይገር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2002 የኖርዝ ካሮላይናን ውጤት መርምረው ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ከላይ ከተሸለሙትም ከታች ከተወቀሱትም መሃል በብዛት እንደሚገኙ አሳይተዋል። ብዙው ዕድል ነው። ስለዚህ የትንሽ ዲስትሪክት የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ የሦስት ዓመቱን አምጣ ይበሉት። ያኔም ፈተናው ወይም የማለፊያ መስመሩ መሃል ላይ አለመቀየሩን ያጣሩ። በ2020 ፈተና እንዳልነበረ፣ በ2021 ደግሞ ብዙ ልጅ እንዳልተፈተነም አይርሱ።

ይህ በጥቁር ተማሪዎች ውጤት ላይ ያዩትን ባዶ ቦታም ያብራራልዎታል። ደብቀውት አይደለም። ቨርጂኒያ በአንድ ቡድን ውስጥ ከ10 ያነሱ ተማሪዎች ካሉ ውጤቱን አታወጣም። ምክንያቱ የተማሪ መረጃን የሚጠብቀው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ነው። አምስተኛ ክፍል ውስጥ ስድስት ጥቁር ልጆች ቢኖሩና «ከስድስቱ አንዱ ወደቀ» ተብሎ ቢታተም፣ ጎረቤት ማን እንደሆነ ያውቃል። አንዳንዴ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቡድን እንኳ ይሸፈናል። የተሸፈነው ቡድን ከድምሩ ተቀንሶ እንዳይታወቅ ነው።

ባዶው ቦታ ግን አንድ ነገር ይነግርዎታል። የልጅዎ ዓይነት ልጆች እዚያ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ «እንደኛ ያሉ ልጆች እዚያ እንዴት ናቸው?» ለሚለው ዋና ጥያቄዎ ያ 10 ከ10 መልስ የለውም። ነጥቡ የሌሎች ልጆች ነው። የርስዎ ልጅ ውስጡ አልተለካም። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ከዚህ ቁጥር አይወጣም።

ውጤቱ ቢታይ እንኳ «ጥቁር» የሚለው መስመር ስለ ሐበሻ ልጅ ብዙ አይናገርም። ትምህርት ቤቶቹ ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን የላቸውም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በጥቁር ሥር ከተጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ነበር። የፌዴራል መንግሥት በመጋቢት 2024 ባሻሻለው የዘር አመዳደብም ቀጥሏል። ልጅዎ፣ ቅድመ አያቶቹ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ቨርጂኒያ የኖሩ ልጅ፣ ወላጆቹ ሐኪሞች የሆኑ ናይጄሪያዊ ልጅ፣ ትናንት ከካምፕ የመጣ ሶማሊ ልጅ፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ናቸው። የበለጠ የሚጠቅምዎት የቤት ቋንቋ መረጃ ነው። ዲስትሪክቶች ሲመዘግቡ ይጠይቃሉ። ስንት አማርኛ ተናጋሪ ልጆች እንዳሏቸው ማንም ወላጅ ደውሎ መጠየቅ ይችላል።

የቤት ቋንቋ ካነሳን፣ በምዝገባ ቅጹ ላይ «እንግሊዝኛ» ብለው የሚጽፉ ወላጆች አሉ። ልጄ ኢኤስኤል ገብቶ ወደ ኋላ እንዳይቀር ብለው ነው። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ኢኤስኤል የቅጣት ክፍል አይደለም። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላው በኒኮልስ በሚባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው ትምህርት ቤቶችን ያስገደዳቸው፤ ልጁ በማይገባው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን ማስተማር አይደለም የሚል ነው። መብቱን በገዛ እጃችን መጣል የለብንም።

ልጅዎ ሁለት ዓመት ሆኖት ገና ኢኤስኤል ውስጥ መሆኑ ሊያስጨንቅዎት አይገባም። በ2000 የወጣ የኬንጂ ሃኩታ እና የባልደረቦቹ ጥናት ልጆች ለንግግር እንግሊዝኛ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ለትምህርት እንግሊዝኛ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት እንደሚፈጅባቸው ያሳያል። ሜዳ ላይ እንደ አሜሪካዊ የሚያወራ ልጅ የሳይንስ አንቀጽ ሲጽፍ ሊደናቀፍ ይችላል። ወላጅ «ቋንቋውማ ጠጥቶታል፣ ለምን አያስወጡትም?» ይላል። ያየው ሜዳውን ነው። በየዓመቱ የሚፈተኑት አክሰስ የሚባለው ፈተና ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ይለካል። ብዙ ልጅ በመናገር ከፍ ይልና በመጻፍ ይያዛል። አገልግሎቱን አልፈልግም ብለው ቢፈርሙ እንኳ ልጁ መስፈርቱን እስኪያልፍ ድረስ ፈተናው አይቀርለትም።

«የኢኤስኤል ተማሪዎች ውጤት» ተብሎ የሚታተመውን ቁጥርም ሲያዩ ይጠንቀቁ። ከሆስፒታል የዳነው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አልጋ ላይ የሚቀረው ያልዳነው ነው። እንግሊዝኛውን ያጠናቀቀ ልጅ ከቡድኑ ይወጣል፣ አዲስ የመጣ ይተካዋል። ስለዚህ የቡድኑ ውጤት ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ይመስላል። ከ2015 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ የወጡትን ልጆች እስከ አራት ዓመት አብሮ መቁጠር ይፈቅዳል፤ ቢሆንም አሌክሳንድሪያን የመሰለ፣ በየሳምንቱ አዲስ ልጅ ከአውሮፕላን የሚቀበል ዲስትሪክት ከፎልስ ቸርች ጋር በዚህ መስመር ማነጻጸር ፍትሕ አይደለም።

አሌክሳንድሪያን በደንብ ስላላዩት ይመስለኛል ፎልስ ቸርች እንዲህ የሚያጓጓዎት። 16,000 ገደማ ተማሪ አለው። አንድም ዘር ከግማሽ አይበልጥም። አማርኛ በተማሪዎቹ ቤት በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዲስትሪክቱ ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋል። ድክመትም አለው። ሃይስኩሉ አንድ ነው፤ ከ4,000 በላይ ተማሪ ይዟል። ዓይን አፋር ልጅ ሊጠፋበት ይችላል። አንደኛ ደረጃዎቹም አንዱ ከሌላው ይለያሉ። ስለዚህ የዲስትሪክቱ አማካይ የርስዎን ትምህርት ቤት አይገልጸውም። የክልሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት መረጃ ስኩል ኳሊቲ ፕሮፋይልስ በሚባለው ገጽ ላይ ያወጣል፤ የልጅዎን ትምህርት ቤት ስም አስገብተው ይዩ።

ፎልስ ቸርችም ያለ ምክንያት አልተወደደም። ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ልጅ በየደረጃው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያልፋል። ጥሩ ሰፈርና መጥፎ ሰፈር የሚባል መከፋፈል የለም። ሃይስኩሉ ከ1981 ጀምሮ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም ያስተምራል። የተማሪው ቁጥር ከአሌክሳንድሪያው ሩብ ያነሰ ስለሆነ አማካሪው የልጁን ስም ያውቃል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል የኢኤስኤል ተማሪዎች ጥቂት ከሆኑ መምህሩም ጥቂት ነው። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ የማግኘት ዕድሉ ይጠባል። አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ግን አለባቸው፤ ትንሽ ነን ብለው ማምለጥ አይችሉም። ልጅዎን በራሱ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ አያድርጉት። የሚነግርዎትን መርጦ ነው የሚተረጉመው።

ስለዚህ ምክሬ፦ በዚህ ዓመት አይሂዱ። አፓርታማው በትክክል ከተማዋ ውስጥ ቢሆንም እንኳ አይሂዱ።

ምክንያቴ ኪራዩ ነው። 700 ዶላር በዓመት 8,400 ዶላር ነው። የሚከፈለውም በባለቤትዎ ማታ ነው። አባት ማታ ቤት ከሌለ፣ እርስዎም ሥራ ላይ ከሆኑ፣ አምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ገና ኪንደርጋርተን ያልገባች እህቱን ሊጠብቅ ነው። የቤት ሥራውን ማን ያያል? ልጁ ሊያገኝ ከሚችለው ጥቅም አብዛኛው እዚያው ቤት ውስጥ ይቃጠላል። ፎልስ ቸርች ውጤቱ ከፍ ያለው በከፊል ወላጆቹ ማታ ቤት ስለሚገኙ ይመስለኛል። የነሱን ትምህርት ቤት ለማግኘት የነሱን ዋና ሀብት መሸጥ ትርፉ አይታየኝም።

ልጁ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ነው። ኢኤስኤል ውስጥ የተያዘለት ዕቅድ አለ፤ መምህራኑ ያውቁታል። በሚቀጥለው ዓመት ወደ መካከለኛ ደረጃ ስለሚገባ ለውጥ አይቀርለትም። በዚያ ላይ ዲስትሪክት መቀየር ሁለት ለውጥ ነው።

አቋሜን የሚቀይረው አንድ ነገር ነው። ከተማዋ ውስጥ ያለ ቤት፣ የማታ ሥራ ሳይጨመር የምትችሉት ኪራይ ከተገኘ ለታናሿ ስትሉ መሄድ ትችላላችሁ። ኪንደርጋርተን መጀመር ከትንሽ ዲስትሪክት ጋር ይስማማል፤ ከመጀመሪያው አብራ ታድጋለች። የማላውቀውም አለ፤ የልጅዎን የፈተና ወረቀት አላየሁም። የተለየ የትምህርት ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ እየተጎዳ ከሆነ፣ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያኔ አማካይ ውጤት ጨርሶ አይነሳም።

ከዲስትሪክት ለውጥ ይልቅ ቶሎ ውጤት የሚያመጣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይቆጡኝ። ለገና አገር ቤት ሄዶ በጥምቀት ማግስት መመለስ በኛ ሰው የተለመደ ነው። ከ180 የትምህርት ቀን 18 የቀረ ልጅ «ሥር የሰደደ ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል። በቨርጂኒያ ደግሞ በተከታታይ 15 የትምህርት ቀን የቀረ ልጅ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ስትመለሱ እንደገና ማስመዝገብ ነው። ቲኬቱን ለክረምት ያድርጉት። አያቶቹ ክረምትም አሉ።

ከዚያ በዚህ ወር ሁለት ቀጠሮ ይያዙ። አንዱ ከኢኤስኤል መምህሩ ጋር ነው። የአክሰስ ውጤቱን አራቱንም ክፍል ይዘው ይግቡና ዝቅተኛው የትኛው እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደሚሠራበት ይጠይቁ። «ጥሩ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው» ብቻ ካሉዎት አይነሱ። በቨርጂኒያ ለዓመታት ከኢኤስኤል መውጫው አጠቃላይ የአክሰስ ውጤት 4.4 ነበር፤ ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ ያስረዱዎት።

ሁለተኛው ስለ ሒሳብ ነው። ይህኛው ወላጅ ሳያውቀው የሚያልፈው ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 የሚወስዱ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚለዩት ስድስተኛ ክፍል ሲገቡ በሚመደቡበት የሒሳብ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ መስመር መቀየር ከባድ ነው። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ብቻ ከከፍተኛው ሒሳብ ክፍል ሊያስቀሩት አይገባም። አዲስ አበባ ሳለ በሒሳብ ጎበዝ ከነበረ የዚያን ጊዜ ሰርተፍኬቱን ያስተርጉሙና ይዘው ይሂዱ። የስድስተኛ ክፍል ምደባው በምን እንደሚወሰን፣ ማን እንደሚወስን፣ ወላጅ እስከ መቼ መቃወም እንደሚችል በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ፤ ትምህርት ቤት ለክረምት ሳይዘጋ።